ገንዘብ ሳይከፈልበት የገባ፣ ገንዘብ ሳይቀበሉበት የወጣ ንብረት፦ የአንድ የነዳጅ ኩባንያ የተጣራ ቋሚ ንብረት እንዴት እንደተነበበ

## ጉዳዩ

ኤክሰን ሞቢል የ2019 የሒሳብ ዓመቱን ሲዘጋ የተጣራ ቋሚ ንብረቱ 253.018 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2020 መጨረሻ ይኸው መስመር 227.553 ቢሊዮን ሆነ። በአንድ ዓመት 25.465 ቢሊዮን ዶላር ጎደለ። የኩባንያው ጠቅላላ ሀብት በዚያው ዓመት ከ362.6 ወደ 332.8 ቢሊዮን ወርዷል፤ ከመቶ 85 ያህሉ መውረድ የመጣው ከዚህ ከአንዱ መስመር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ጀማሪ የብድር ተንታኝ ይህን መጉደል በአጭር ጽሑፍ እንዲያስረዳ ተጠየቀ። ረቂቁ ሦስት ነገር አለ፦ ኩባንያው ብዙ ንብረት ሸጧል፤ ያን የሚያህል ገንዘብ አጥቷል፤ ንብረቱን ለሥራ የማዋል አቅሙም ተዳክሟል። ሦስቱም መደምደሚያዎች ከሒሳብ መግለጫዎቹ ጋር ሲመሳከሩ አልቆሙም። ስህተቶቹ ግን ከቸልተኝነት የመጡ አይደሉም። የሀብትና ዕዳ መግለጫውን ብቻ ይዞ የሚነሳ ማንኛውም አንባቢ የሚደርስባቸው ናቸው፤ ጉዳዩ እዚህ የተመዘገበውም ለዚህ ነው።

## ዳራ፦ በዚያ መስመር ውስጥ ምን አለ?

የተጣራ ቋሚ ንብረት ማለት ንብረቱ የተገኘበት ወጪ ሲሆን፣ ከላዩ ላይ እስከዚያ ቀን የተጠራቀመው የእርጅና ቅናሽና የተመዘገበው የዋጋ ቅነሳ ይነሳለታል። ይህ የመዝገብ ዋጋ ነው። ንብረቱ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ አይደለም፤ እንደ አዲስ ለመገንባት የሚጠይቀውም ወጪ አይደለም።

በነዳጅ ኩባንያ ውስጥ «የተገኘበት ወጪ» የሚባለው ሰፊ ነው። የጉድጓድ ቁፋሮ፣ የባሕር ላይ መድረክ፣ የቧንቧ መስመር፣ ማጣሪያ፣ ለቁፋሮ መብት የተከፈለ ገንዘብ ሁሉ ይገባበታል። በግንባታ ላይ ያለ ሥራም አለበት፤ ይህ ሥራ እስኪጀምር ድረስ የእርጅና ቅናሽ አይሰላበትም። በግንባታው ጊዜ የተከፈለ ወለድም ይደመርበታል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ የመጨረሻው ነው፦ ጉድጓዱን ለመድፈንና መድረኩን ለመንቀል ወደፊት ይወጣል ተብሎ የተገመተው ወጪ፣ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ፣ ዛሬውኑ በንብረቱ ወጪ ላይ ይደመራል። በሌላው በኩል እኩል ዕዳ ይመዘገባል። ግምቱ ሲከለስ ቋሚ ንብረቱም አብሮ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ አንድ ሳንቲም ግን አልተንቀሳቀሰም።

ደረቅ ሆነው የተገኙ የፍለጋ ጉድጓዶች የት ይሄዳሉ? ኤክሰን ሞቢል የሚከተለው ዘዴ ነዳጅ ያልተገኘበትን ጉድጓድ ወጪ በቀጥታ ወደ ትርፍና ኪሳራ ይወስደዋል። አንዳንድ ኩባንያዎች ደግሞ ያልተሳካውንም ከተሳካው ጋር ደምረው በቋሚ ንብረት ውስጥ እንዲያቆዩት ደንቡ ይፈቅድላቸዋል። ስለዚህ እኩል ጉድጓድ ቆፍረው እኩል ዘይት ያገኙ ሁለት ኩባንያዎች የተለያየ የተጣራ ቋሚ ንብረት ሊያሳዩ ይችላሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ከማስቀመጥ በፊት በማብራሪያ ቁጥር አንድ ላይ የተጻፈውን የሒሳብ አያያዝ ዘዴ ማንበብ ግድ ነው።

በመስመሩ ውስጥ የሌለውን ማወቅም እንዲሁ ይጠቅማል። ኩባንያው በካዛኪስታኑ የቴንጊዝ ዘይት ሥራ ላይ የ25 ከመቶ ድርሻ አለው፤ ይህ ድርሻ ያለው በኢንቨስትመንት መስመር ላይ እንጂ በቋሚ ንብረት ውስጥ አይደለም። በተቃራኒው የካናዳው ኢምፔሪያል ኦይል ላይ ያለው ድርሻ 69.6 ከመቶ ሆኖ ሳለ የኢምፔሪያል ቋሚ ንብረት መቶ በመቶ ተደምሮ ይታያል፤ የሌሎቹ ባለአክሲዮኖች ድርሻ የሚለየው ከታች በካፒታል ክፍል ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ተራ የኪራይ ውል የሚያስገኘው የመጠቀም መብትም ከዚህ መስመር ውጭ ነው። በዓለም አቀፉ የሪፖርት ደረጃ የሚሠሩ ኩባንያዎች ግን ብዙ ጊዜ ከቋሚ ንብረት ጋር አንድ ላይ ያቀርቡታል።

የእርጅና ቅናሹ ስሌት ዋናው ቁልፍ ነው። ማጣሪያና ኬሚካል ፋብሪካ በዓመታት እኩል ይከፋፈላል። ዘይትና ጋዝ የሚወጣባቸው ንብረቶች ግን የሚቀነሱት በምርት መጠን ነው፦ የመዝገብ ዋጋው ለተረጋገጠው ክምችት ይካፈላል፣ በዓመቱ በወጣው ምርት ይባዛል። ለምሳሌ የመዝገብ ዋጋው 900 ሚሊዮን ዶላር፣ ክምችቱ 90 ሚሊዮን በርሜል፣ የዓመቱ ምርት 6 ሚሊዮን በርሜል ቢሆን ቅናሹ 60 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዋጋ ወድቆ በአዋጭነት ሊወጣ የሚችለው ክምችት 45 ሚሊዮን በርሜል ቢባል፣ በዚያው ምርት ቅናሹ 120 ሚሊዮን ይሆናል። ከመሬት በታች የጎደለ ዘይት የለም። የተለወጠው አካፋዩ ነው።

## ችግሩ

የረቂቁ ጸሐፊ የተጠቀመው የሁለት ዓመት የሀብትና ዕዳ መግለጫ ብቻ ነበር። ያ መግለጫ የሁለት ቀን ፎቶግራፍ ነው፤ በመካከል ምን እንደሆነ አያሳይም። የቋሚ ንብረት መስመር የሚቀንስባቸው መንገዶች ደግሞ ብዙ ናቸው፦ መደበኛ የእርጅና ቅናሽ፣ ሽያጭ፣ ባለሙያዎች ኢምፔርመንት የሚሉት ድንገተኛ የዋጋ ቅነሳ፣ የምንዛሪ መለዋወጥ፣ የማፍረሻ ወጪ ግምት መቀነስ፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ንብረት ወደ ሌላ መስመር መዛወር። የትኛው እንደሠራ ሳይለዩ ምክንያት መስጠት ግምት ብቻ ነው።

## የተሄደባቸው እርምጃዎች

አንደኛ፣ ሽያጩን መፈተሽ። ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነበር። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው እንደሚያሳየው በ2020 ከንብረት ሽያጭ የተገኘው 999 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። ይህ የሽያጭ ገቢ እንጂ የተሸጠው ንብረት የመዝገብ ዋጋ አይደለም፤ በከፍተኛ ኪሳራ ከተሸጠ ከመስመሩ የሚነሳው ከዚህ ይበልጣል። ነገር ግን የ25 ቢሊዮንን መጉደል በ1 ቢሊዮን ሽያጭ ለማስረዳት አይቻልም። የረቂቁ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እዚህ ላይ ወደቀ።

ሁለተኛ፣ የማመሳከሪያ ስሌት። የዓመቱ መነሻ ተይዞ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለው የካፒታል ወጪ ተደመረ፣ የእርጅና ቅናሹ ተቀነሰ፣ ውጤቱም ከዓመቱ መጨረሻ ጋር ተነጻጸረ። ሁሉም በቢሊዮን ዶላር ነው፦

የ2020 መነሻ፦ 253.018
የካፒታል ወጪ፦ + 17.282
የእርጅና ቅናሽ፦ − 46.009
ስሌቱ የሰጠው፦ 224.291
መግለጫው የሚያሳየው፦ 227.553
ያልተብራራ ልዩነት፦ + 3.262

በ3.3 ቢሊዮን መለያየቱ አያስደነግጥም። በጥሬ ገንዘብ ያልተከፈለ ጭማሪ፣ የምንዛሪ ለውጥ፣ የማፍረሻ ወጪ ክለሳና ሽያጭ እዚያ ውስጥ አሉ፤ አንዳንዱ ይደምራል፣ አንዳንዱ ይቀንሳል። ዋናው መልስ የተገኘው ከመካከለኛው መስመር ነው። በ2019 የእርጅና ቅናሹ 18.998 ቢሊዮን ነበር። በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ የጨመረው ማሽኖች በአንድ ዓመት ስላረጁ ሊሆን አይችልም።

ይኸው ስሌት ለ2019 ሲሠራ (247.101 ሲደመር 24.361 ሲቀነስ 18.998) 252.464 ይሰጣል፤ መግለጫው 253.018 ይላል። ልዩነቱ 0.6 ቢሊዮን ብቻ ነው። ይህ ንጹሕ ዓመት ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ኩባንያው ከንብረት ሽያጭ 3.7 ቢሊዮን ዶላር አግኝቷል። ሽያጩ የቀነሰውን ሌሎች ጭማሪዎች ሸፍነውታል። ስለዚህ ትንሽ ልዩነት ምንም አልተፈጠረም ለማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ትልቅ ልዩነት ግን ሁልጊዜ መጠየቅ ያለበት ነው።

ሦስተኛ፣ 46 ቢሊዮኑን መሰንጠቅ። ኩባንያው የዋጋ ቅነሳውን በተለየ መስመር አላስቀመጠም፤ ከእርጅና ቅናሹ ጋር ደምሮታል፤ የመስመሩ ማብራሪያ ግን ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። በ2020 አራተኛ ሩብ ዓመት የታወጀው ቅነሳ ከግብር በኋላ 19.3 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ አብዛኛው የደረቅ ጋዝ፣ ማለትም ፈሳሽ ነዳጅ እምብዛም የማይቀላቀልበት የተፈጥሮ ጋዝ፣ ንብረት ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ወጥመድ አለ፤ ተንታኙም የወደቀበት ነው። 19.3ን ከ46.0 ቀንሶ መደበኛው የእርጅና ቅናሽ 26.7 ቢሊዮን ነው ብሎ ጻፈ። ይህ ቁጥር ከቀዳሚው ዓመት በ40 ከመቶ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሊታመን የሚችል አልነበረም። ስህተቱ ከግብር በኋላ ያለውን ቁጥር ከግብር በፊት ካለው ላይ መቀነሱ ነው። ቋሚ ንብረት የሚቀንሰው ከግብር በፊት ባለው መጠን ነው፤ ግብሩ የሚስተካከለው ለወደፊት በተላለፈው የግብር ዕዳ (ወደፊት ይከፈላል ተብሎ በተመዘገበው ግብር) በኩል ነው። የአሜሪካ ፌደራል የድርጅት ግብር 21 ከመቶ ስለሆነ፣ 19.3 ለ0.79 ሲካፈል 24.4 ይሆናል። ንብረቱ በተለያዩ አገሮች ስላለ ይህ ግምት ነው፤ ሆኖም ወደ 25 ቢሊዮን የሚጠጋ ቅነሳ ሲወሰድ መደበኛው ቅናሽ 21 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል። በ2021 የተመዘገበው 20.607 ቢሊዮን መሆኑ ግምቱ እንዳልራቀ ያሳያል።

ቋሚ ንብረቱ በ25.5 ቢሊዮን ጎደለ፤ የዋጋ ቅነሳው ወደ 25 ቢሊዮን ነው። የቀረው የካፒታል ወጪ፣ መደበኛ ቅናሽና ያ የ3.3 ቢሊዮን ልዩነት ከሞላ ጎደል ተጣፍተዋል።

አራተኛ፣ ለምን በ2020? ይህ ጥያቄ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ወስዷል፤ ይገባዋልም። በአሜሪካ የጋዝ መመዘኛ በሆነው በሄንሪ ሀብ ዋጋው በ2008 በአማካይ ለአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ (የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው) ወደ 9 ዶላር ተጠግቶ ነበር። በ2012 እና በ2016 ከ3 ዶላር በታች ወረደ፤ በ2020 ወደ 2 ዶላር ደረሰ። ዋጋው ለዓመታት ከወደቀ ኩባንያው ቅነሳውን ለምን ቀደም ብሎ አልመዘገበም?

መልሱ በደንቡ አሠራር ውስጥ ነው። የአሜሪካው ደንብ ፈተናውን በሁለት ደረጃ ይከፍለዋል። በመጀመሪያ ንብረቱ በቀሪ ዕድሜው ያስገኘዋል የሚባለው የተጣራ ጥሬ ገንዘብ ይደመራል። ድምሩ ወደ ዛሬ ዋጋ አይመለስም፤ ከ20 ዓመት በኋላ የሚገባ ዶላር በመጪው ዓመት ከሚገባው እኩል ይቆጠራል። ድምሩ የመዝገብ ዋጋውን ካከለ ወይም ከበለጠ ፈተናው እዚያው ያበቃል። ካነሰ ብቻ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይታለፋል፤ ያን ጊዜ ንብረቱ እስከ ገበያ ዋጋው ድረስ ይወርዳል።

ቀላል ቁጥር እንውሰድ። የመዝገብ ዋጋው 100፣ የገበያ ዋጋው 60 የሆነ ንብረት አለ። ወደ ዛሬ ዋጋ ያልተመለሰው ድምር 105 ከሆነ ምንም ቅነሳ አይመዘገብም፤ ንብረቱ በ100 ይቀመጣል። ድምሩ ወደ 99 ቢወርድ የሚመዘገበው ቅነሳ 1 አይደለም፤ 40 ነው። ንብረቱ ደረጃ በደረጃ አይወርድም፤ ገደል ጫፍ ላይ ቆይቶ በአንዴ ይወድቃል። በዚህ ላይ ፈተናው የሚደረገው ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሳይሆን ገቢያቸው ለተሳሰረ ንብረቶች በአንድነት ስለሆነ፣ ጥሩ የሚያመርተው ደካማውን ሊሸፍነው ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም፦ በአንደኛው ደረጃ ላይ ወሳኙ የኩባንያው የራሱ የረጅም ጊዜ የዋጋ ግምትና የልማት ዕቅድ ነው። ለወደፊት ይቆፈራል ተብሎ የታሰበ መሬት በዕቅዱ ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ከዚያ የሚጠበቀው ገቢ በድምሩ ውስጥ አለ። ኩባንያው በኖቬምበር 30 ቀን 2020 በአፓላቺያን፣ በሮኪ ተራሮች፣ በኦክላሆማ፣ በቴክሳስ፣ በሉዊዚያናና በአርካንሶ እንዲሁም በምዕራብ ካናዳና በአርጀንቲና ያሉ አንዳንድ የደረቅ ጋዝ ሀብቶችን ከልማት ዕቅዱ እንደሚያወጣ አስታወቀ። በዚያው ማስታወቂያ ከግብር በኋላ ከ17 እስከ 20 ቢሊዮን ዶላር ቅነሳ እንደሚጠብቅ ተናገረ። ዕቅዱ ሲለወጥ የወደፊቱ ገቢ ከድምሩ ወጣ፣ ንብረቱም ገደሉን አለፈ። ከዚያ በፊት በ2016 በሮኪ ተራሮች አካባቢ ባመዛኙ ለደረቅ ጋዝ ከግብር በኋላ 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተቀንሶ ነበር፤ ምልክቱ ከአራት ዓመት በፊት በማብራሪያው ውስጥ ይታይ ነበር።

አምስተኛ፣ ንብረቱ ከየት መጣ? የ2020ን መውጫ ለመረዳት ወደ 2010 መመለስ አስፈለገ። ኤክሰን ሞቢል ኤክስቲኦ ኢነርጂ የተባለውን የጋዝ ኩባንያ ለመግዛት መስማማቱን በዲሴምበር 2009 አስታወቀ፤ ግዢው በጁን 2010 ተጠናቀቀ። ዋጋው ሲታወጅ 10 ቢሊዮን ያህል ዕዳን ጨምሮ 41 ቢሊዮን ዶላር ተብሏል፤ ክፍያው ግን በአክሲዮን ነበር። ያው የማመሳከሪያ ስሌት ለ2010 ሲሠራ እንዲህ ሆነ፦ 139.116 ሲደመር 26.871 ሲቀነስ 14.760 ይሆናል 151.227። መግለጫው ያሳየው 199.548 ነው። ልዩነቱ 48.3 ቢሊዮን ዶላር።

ይህ ልዩነት ከግዢው ጋር ሲመሳከር አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። የተሰጠው አክሲዮን ግዢው በተጠናቀቀበት ዕለት ዋጋው ወደ 25 ቢሊዮን ነበር፤ የተወረሰው ዕዳ 10 ቢሊዮን ያህል ነው። ድምሩ 35 ቢሊዮን ሆኖ ሳለ ቋሚ ንብረቱ ወደ 48 ቢሊዮን እንዴት ጨመረ? የተገዛው ንብረት በመግለጫው ላይ በገበያ ዋጋ ሲመዘገብ ለግብር ግን በቀድሞው ዝቅተኛ ዋጋ ይቆያል። በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ወደፊት የሚከፈለው ግብር ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ የዚያ ማካካሻ ደግሞ በንብረቱ በኩል ይቀመጣል። የጭማሪው ቀሪ በአብዛኛው የመጣው ከዚህ ነው። በ2020 ከግብር በፊትና በኋላ ባሉት ቁጥሮች መካከል የተፈጠረው ልዩነትም የዚህ ዓይነቱ ዕዳ መቀልበስ ነው። በዚያ ዓመት የተቀነሰው ሁሉ የኤክስቲኦ ንብረት አልነበረም፤ ከኤክስቲኦ የመጣውም ሁሉ አልተሰረዘም፤ ብዙው በአሥር ዓመት ምርት በመደበኛ ቅናሽ አልቋል። የሆነ ሆኖ አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ በመግቢያውም በመውጫውም የካፒታል ወጪና የሽያጭ መስመሮችን ብቻ የተከታተለ አንባቢ ምንም አያይም ነበር።

## የሠራውና ያልሠራው

የማመሳከሪያ ስሌቱ ሠርቷል። ሦስት ቁጥር ብቻ ይጠይቃል፤ ሦስቱም በማንኛውም ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ይገኛሉ። ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ሲሠራ የኩባንያው ትልልቅ ውሳኔዎች በልዩነቱ ዓምድ ላይ ይታያሉ።

የመዝገብ ዋጋውን ለገቢ ማነጻጸር ግን አልሠራም። ሽያጭ ለተጣራ ቋሚ ንብረት ሲካፈል በ2019 1.01፣ በ2020 0.78፣ በ2021 1.28፣ በ2022 1.95 ይሆናል። በዚህ ስሌት ኩባንያው በሁለት ዓመት ውስጥ ንብረቱን ከእጥፍ በላይ በተሻለ መንገድ መጠቀም ጀመረ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የዘይትና የጋዝ ዋጋ ከላይ ያለውን ቁጥር አናረው፣ የ2020 ቅነሳና ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሽያጮች የታችኛውን አሳነሱት። ለነዳጅ አምራች የዚህ ንጽጽር ጥቅም ውስን ነው፤ በምትኩ በአንድ በርሜል የሚደርሰው የእርጅና ቅናሽና የቁፋሮ ወጪ የተሻለ ይናገራሉ።

የካፒታል ወጪን ለእርጅና ቅናሽ ማካፈል፣ ማለትም ኩባንያው የሚያልቅበትን ያህል ይተካል ወይ የሚለው ጥያቄ፣ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ሠራ። ሳይስተካከል የ2020 ውጤት 0.38 ነው፤ ኩባንያው ራሱን እያፈረሰ ያስመስላል። ቅነሳው ሲወጣ 0.82 ገደማ ይሆናል። በ2019 1.28፣ በ2021 0.59 ነበር። ስለዚህ እውነተኛው ዝቅተኛ ዓመት 2021 ነው፤ ያልተስተካከለው ቁጥር ግን 2020ን ይጠቁማል። አንድ ጥንቃቄ ይጨመር፦ ከቅነሳ በኋላ የሚቀነሰው የመዝገብ ዋጋ ስለሚያንስ ቀጣዩ ዓመታዊ ቅናሽ ይቀላል፤ ንጽጽሩም ያለ አንድ ተጨማሪ ጉድጓድ የተሻሻለ ይመስላል።

የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽን ለጠቅላላ ወጪ በማካፈል የንብረቱን ዕድሜ መገመት ደግሞ ጭራሽ ተትቷል። በአሜሪካ ደንብ ቅነሳ የተደረገበት ንብረት አዲሱ ዝቅተኛ ዋጋ እንደ አዲስ መነሻ ወጪ ይቆጠርለታል። በዚህ ላይ ያረጀው ሲሰረዝና አዲሱ ሲገባ ድምሩ ስለሚናወጥ ውጤቱ ስለ ብረቱ ዕድሜ ሳይሆን ስለ መዝገቡ ታሪክ ይሆናል።

ለአበዳሪ ዋናው ጥያቄ የዕዳ ጫና ነበር። የኩባንያው ዕዳ ከጠቅላላ ካፒታሉ ጋር ሲነጻጸር በ2019 19.1 ከመቶ ነበር፤ በ2020 29.2 ከመቶ ሆነ። ይህን ለዋጋ ቅነሳው መስጠት ይቀላል። የ19.3 ቢሊዮኑ ቅነሳ ወደ ካፒታሉ ቢመለስ ንጽጽሩ 27 ከመቶ ይሆናል። ከአሥሩ ነጥብ ጭማሪ የቅነሳው ድርሻ ሁለት ነጥብ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ያመጣው በአብዛኛው ብድር ነው። ከሥራ የተገኘው ጥሬ ገንዘብ 14.7 ቢሊዮን ሲሆን ለካፒታል ወጪ 17.3፣ ለትርፍ ድርሻ ክፍያ 14.9 ቢሊዮን ወጥቷል። ዕዳው ከ46.9 ወደ 67.6 ቢሊዮን ያደገው ለዚህ ነው። ገንዘብ በእርግጥ ወጥቷል፤ የወጣው ግን ከቋሚ ንብረት መስመር መጉደል ጋር ባልተያያዘ መንገድ ነው። አበዳሪ ሊያሳስበው የሚገባውም ይህኛው ነው።

ክምችትን በተመለከተ አንድ ነገር ተመዝግቦ ይቆይ። የተረጋገጠው ክምችት በዓመቱ ከ22.4 ወደ 15.2 ቢሊዮን በርሜል ወርዷል፤ ምርቱ ደግሞ በቀን ወደ 3.8 ሚሊዮን በርሜል ነበር። ከላይ ባለው የምሳሌ ስሌት መሠረት የእርጅና ቅናሹ ክፉኛ መዝለል ነበረበት። ያልዘለለው ኩባንያው በማብራሪያው እንደሚገልጸው፣ ክምችቱ በዋጋ ምክንያት በብዛት ሲሰረዝና ሥራው ሲቀጥል፣ ትርጉም ያለው ክምችት በሰጠው በቅርቡ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ስለሚያሰላ ነው። ይህን አንቀጽ ያላነበበ ሰው የቅናሹን ትንበያ በብዙ ቢሊዮን ይስተዋል።

## ወደ ሌላ ኩባንያ ሲወሰድ

በዓለም አቀፉ ደረጃ የሚሠራ ኩባንያ ሲሆን ገደሉ የለም። የመዝገብ ዋጋው ገና ከመጀመሪያው ወደ ዛሬ ዋጋ ከተመለሰ ገቢ ጋር ይነጻጸራል፤ ስለዚህ ቅነሳ ቶሎ ቶሎና በትንሽ በትንሹ ይመጣል። የብሪታኒያው የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ በጁን 2020 ከ2021 እስከ 2050 ያለውን አማካይ የብሬንት (የድፍድፍ ዘይት ዋጋ መመዘኛ) ዋጋ ግምቱን ወደ 55 ዶላር፣ የሄንሪ ሀብን ወደ 2.90 ዶላር ሲያወርድ ትልቅ ቅነሳ ወዲያውኑ ተከትሏል። በዚህ ደረጃ ሁኔታው ሲሻሻል ቅነሳው ሊመለስም ይችላል። በአሜሪካ ደንብ ግን አይመለስም፦ በ2022 የሄንሪ ሀብ አማካይ ከ6 ዶላር በላይ ሲወጣ የተሰረዘው የጋዝ ንብረት በመዝገብ ላይ ተሰርዞ ቀርቷል፤ ንብረቱ ከመሬት ባይጠፋም። የሁለቱን ደንብ ተከታዮች በተጣራ ቋሚ ንብረት ማወዳደር ከፈለጉ ቢያንስ ያለፉትን አምስት ዓመታት ቅነሳዎች ወደ ሁለቱም መልሶ መደመር ያስፈልጋል።

ታሪፉ በመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚወሰንለት የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ከሆነ ትርጉሙ ይገለበጣል። እዚያ ተቆጣጣሪው የሚፈቅደው ትርፍ የሚሰላው በአብዛኛው በተጣራ ቋሚ ንብረቱ ላይ ስለሆነ የመስመሩ ማደግ ራሱ የወደፊት ገቢ ምልክት ነው። አደጋው የገበያ ዋጋ ሳይሆን ተቆጣጣሪው አንድን ወጪ አልቀበልም ማለቱ ነው። የሚነበበው ማብራሪያም የታሪፍ ውሳኔው ይሆናል።

ያው ስሌት በኤክሰን ሞቢል በራሱ ላይ ለ2024 ሲደገም ደወሉ እንደገና ይጮኻል፦ 214.940 ሲደመር 24.306 ሲቀነስ 23.442 ይሆናል 215.804፤ መግለጫው 294.318 ያሳያል። የ78.5 ቢሊዮን ልዩነቱ ምክንያት በሜይ 3 ቀን 2024 የተጠናቀቀው ፓዮኒር የተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ ግዢ ነው፤ ይህም በአክሲዮን የተፈጸመ ነው። ማብራሪያው ሲነበብ መታየት ያለባቸው ለወደፊት የተላለፈው የግብር ዕዳ ስንት እንደጨመረ፣ ከንብረቱ ውስጥ ገና ያልተቆፈረው መሬት ስንቱን እንደያዘ፣ ያ መሬት በየዓመቱ በልማት ዕቅዱ ውስጥ መቆየቱ ናቸው። የ2024 የእርጅና ቅናሽ የፓዮኒርን ንብረት የያዘው ለስምንት ወራት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የሙሉ ዓመት መነሻ ሆኖ የሚያገለግለው የ2025 ቁጥር ነው።